ከነጩ ስክሪን በላይ ያለው ቦታ

አሥራ ዘጠኝ መቶዎች ሲሞሉ እዚያው ሜዳ ውስጥ ነበርኩ። አንዱንም አላየሁም።

የሥራዬ ጠባይ ነው። በሰሜን ለንደን ባለው አሮጌ የክሪኬት ሜዳ በሰመር ወራት ስቲዋርድ ሆኜ እሠራለሁ። ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሼ፣ ጀርባዬን ለጨዋታው፣ ፊቴን ለተመልካቹ ሰጥቼ እቆማለሁ። ስቲዋርድ ሰው ይጠብቃል እንጂ ጨዋታ አያይም። አንገቱን ያዞረ ሰው አንድ ጊዜ ይመከራል፤ ሁለተኛ ከደገመው በሚቀጥለው ጨዋታ መኪና ማቆሚያው ጋ ይመደባል።

ክሪኬትን ለማያውቅ ይህን ያህል ይበቃል። ወርዋሪው እየሮጠ መጥቶ ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በዱላው ይከላከላል፣ ኳሱን መትቶ ሲሮጥም ነጥብ ያገኛል። ከስድስት ኳስ በኋላ ወርዋሪው ይቀየራል፤ ስድስቱ ኳስ አንድ ኦቨር ይባላል። እንጨቱ ከተመታበት መቺው ወጣ፣ አለቀ። አንድ ሰው ብቻውን መቶ ነጥብ ሲሞላ ግን ሜዳው በሙሉ ቆሞ ያጨበጭብለታል። በእኛ ሜዳ ደግሞ በትልቅ ጨዋታ መቶ የሞላ ሰው ስሙ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰሌዳ ላይ በወርቅ ቀለም ይጻፋል። ከመቶ ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎች ስም እስከ ዛሬ እዚያ አለ። ዘጠና ዘጠኝ ላይ የወጣ ሰው አይጻፍም።

እኔ እነዚህን መቶዎች ከሰው ፊት ላይ ነው ያነበብኳቸው። ደሴ ሳለሁ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ ነጭ የደም ሴሎችን በማይክሮስኮፕ እያየሁ መቶ እስኪሞሉ በየዓይነታቸው መቁጠር የዘወትር ሥራዬ ነበር። ስለዚህ ጨዋታውን እንዳላይ ስከለከል የሚታየኝን መቁጠር ጀመርኩ። መቺው ዘጠናን ሲያልፍ ሰዎች መብላት ያቆማሉ። ዘጠና አምስት ላይ ሽንት ቤት የሚሄድ የለም። ዘጠና ዘጠኝ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ክንድ ለክንድ ይያያዛሉ። አንድ ዓመት አንዱ መቺ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ሃያ ሰባት ደቂቃ ቆየ፤ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አሥራ አራት ጊዜ አውልቀው መልሰው አደረጉ። ነጥብ መዝጋቢዎቹ ይህን አይጽፉም፤ እኔ ግን ጽፌዋለሁ።

ከመቶ በላይ ከምንሆነው ስቲዋርዶች መካከል ጨዋታውን እንዲያይ የሚታዘዘው ከነጩ ስክሪን በላይ የሚቆመው ነው። ነጩ ስክሪን ከወርዋሪው ኋላ የተተከለ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ ነው፤ መቺው ቀዩን ኳስ ከነጭ ፊት ለይቶ እንዲያይ ያገለግላል። ከስክሪኑ አጠገብ ወይም በላዩ ሰው ከተንቀሳቀሰ የመቺው ዓይን ይበተናል። ስለዚህ አንድ ስቲዋርድ ከላይ ቆሞ ሜዳውን እያየ ኦቨሩ እስኪያልቅ ማንም እንዳይወጣ እንዳይገባ ይከለክላል። ቦታው ከመቺው ፊት ለፊት ነው። እዚያ የቆመ ሰው የመቺውን ቅንድብ ላብ ያያል ይባላል።

ያንን ቦታ አራት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። በአሥራ አንደኛው ዓመቴ ለከሊል ሰጡት።

ከሊልን ወደዚህ ሥራ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ በአዘቦት ቀን ሃክኒ ውስጥ ባስ ይነዳል። ኦንላይን አፕላይ ሲያደርግ ፎርሙን መስመር በመስመር የሞላሁለት እኔ ነኝ። ያኔ ክሪኬትና ገና ጨዋታ ለእሱ አንድ ነበሩ።

ሱፐርቫይዘራችን ቤንጃሚን ጋናዊ ነው፤ ቀጥተኛ ሰው ነው። ሄጄ ጠየቅኩት።

"ደረጃው ሠላሳ ስምንት ነው" አለኝ። "በቀን ሃያ ጊዜ ትወጣለህ ትወርዳለህ። ጉልበትህን አስቤ ነው።"

"ስለ ጉልበቴ ማን ነገረህ?"

"ከሊል። አንድ ቀን ወንበር ስጠው ብሎ ለምኖኝ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፣ ያስብልሃል።"

አመስግኜው ወጣሁ።

ቅናት ከሆድ ይጀምራል ይላሉ። የእኔ የጀመረው ከአንገቴ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንዳይዞር ያሠለጠንኩት አንገት ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀኝ በኩል ያመኝ ነበር።

ሰቨን ሲስተርስ ባለችው የአልታየሽ ምግብ ቤት እሁድ እሁድ እንገናኛለን። አልታየሽ እኩያዬ ናት፤ አንተ አንቺ የምንባባል የድሮ ጎረቤታሞች ነን። ከሊል አዲሱን ቦታ ከያዘ በኋላ ባለው እሁድ ስደርስ ሰው ከቦት፣ ሁለት የጨው ዕቃና አንድ የበርበሬ ዕቃ ደርድሮ መቶ ይተርካል።

"ይኼ እንጨቱ ነው። ይኼ ወርዋሪው፣ ሁለት ሜትር የሆነ ሰው። ይኼ በርበሬው ደግሞ መቺው ነው፣ ግራኝ።"

"ግራኙ በርበሬ ሆነ?" አለች አልታየሽ።

"ስለሚያቃጥል። ሌላው ሰው ኳሷን ይመታታል፤ እሱ ግን ይሸኛታል። እጇን ይዞ እስከ በር ድረስ።"

ሁሉም ሳቁ። ኪዳኔ የሚባለው፣ ስለ ኳስ ከአርሰናል በቀር መስማት የማይወደው ሰውዬ፣ ወንበሩን አስጠግቶ "ከዚያስ?" አለ።

አልታየሽ ወደ እኔ ዞረች። "ተክለአብ፣ አንተ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ቆመህ እንዲህ አውርተኸን ታውቃለህ?"

"እኔ የማየው ሰው ነው።"

"ሰውማ እዚህም ሞልቷል። ለዚህ ነው የባቡር የምታወጣው?"

"ይተዉ እንጂ እትዬ አልታየሽ" አለ ከሊል። "ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ። እሳቸው ባይነግሩኝ ዘጠና ላይ ሰው ለምን ዝም እንደሚል አላውቅም ነበር። ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሯቸው፤ ያንን የባርኔጣውን።"

የባርኔጣውን ነገርኳቸው። አሥራ አራት ጊዜ አልኩ። ማንም አልሳቀም፤ ኪዳኔ "ምን ሆነው ነው፣ ቅማል ነው?" ሲል ግን ሳቁ። ከሊል አልሳቀም። ይልቅ በደግነት አየኝ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ለትልቁ ጨዋታ ምድባችን ሲወጣ ቤንጃሚን ከከሊል በታች መደበኝ። እሱ ከደረጃው አናት፣ እኔ ከሥር ባለው በር። ከበሩ ላይ ገመድ አለ፤ ከመጠጥ ቤቱ የሚመለሰውን ሰው በገመዱ አቆማለሁ፣ ከላይ ምልክት ሲመጣ አሳልፋለሁ። ከቆምኩበት ሜዳው አይታይም፤ ነጥቡን የማውቀው ግንቡ ላይ ካለች ትንሽ የነጥብ ሰሌዳ ነው። የሚታየኝ ደረጃው፣ ግንቡ፣ አናቱ ላይ ደግሞ በጎን የቆመ ከሊል ነው። ወደ ሜዳው ያያል፣ ኦቨሩ ሲያልቅ ወደ እኔ ይዞራል።

ደንቡ ምልክቱ በእጅ ይሁን ይላል። ክንድ ከተነሳ ቁም፣ ከወረደ አሳልፍ። በሁለተኛው ሰዓት ግን እኛ ደንቡን ረሳነው። ከሊል ሲዞር ቅንድቡን ብድግ ያደርጋል፤ እኔ ገመዱን እፈታለሁ። አገር ቤት አዎ ለማለት ቅንድብ ይበቃል። ፈጣን ነበር፣ ከእኛ በቀርም የሚያየው አልነበረም። ቤንጃሚን እንኳ "የእናንተ በር እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው" ብሎ አሞገሰን።

ትልቅ ጨዋታ አምስት ቀን ይፈጃል፤ ሁለተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ከሊል በርበሬ ያደረገው ግራኝ ከምሳ በኋላ ሰማንያ ላይ ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ለእንግዳው ቡድን ነው የሚጫወተው፤ ከዚህ በኋላ ወደዚህ ሜዳ እንደማይመለስ ጋዜጣው ጽፏል። በሌሎች ሜዳዎች መቶ ሞልቷል፣ እዚህ ግን አንድም ጊዜ አልሞላም። ስሙ ሰሌዳው ላይ የለም።

በፊት በሺህ የሚቆጠር ፊት ነበር የማነበው። ያን ቀን አንድ ፊት ብቻ ቀረኝ፣ የከሊል። ዘጠና ሲያልፍ ከንፈሩን ገጠመ። ዘጠና አራት ላይ የሸሚዙን አንገት ነካካ። ዘጠና ስምንት ላይ ፈገግ አለ፤ ኳሷ ቆንጆ ሆና ሄዳ መሆን አለበት። ከዚያ ጭብጨባ ተሰማ፣ ዘጠና ዘጠኝ። ከሊል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። የሰው ፊት እንዲያ ሲያበራ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የሚያየውን ባላይም ማየቱን አየሁ።

እዚያ ጋ ሁለት የቢራ ብርጭቆ የያዘ፣ ቢጫ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ መጣ። ገመዱን ዘረጋሁ።

"ወዳጄ፣ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ነው" አለኝ። "ልየው። እለምንሃለሁ።"

"ኦቨሩ አላለቀም።"

"ቦታዬ እዚያው ጫፉ ላይ ነው።"

ወደ ላይ አየሁ። ከሊል ወደ ሜዳው እንደዞረ ነው። ቅንድቡ አልተነሳም። ይህን በእርግጠኝነት የምጽፈው ሳልጠራጠር ስላየሁት ነው፤ ከአራት ሰከንድ በላይ አየሁት፣ አልተንቀሳቀሰም። ሁለት ኳስ ይቀር ነበር። እንዲህ አሰብኩ፤ ለእሱ የሚሞላው መቶ ለእኔ አይሞላም። እሁድ የጨው ዕቃ ይደረድራል። እኔ ስለ አንድ ቢጫ ጃኬት አወራለሁ።

ገመዱን ፈታሁ።

"ይሂዱ" አልኩት።

ሰውዬው ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወጣ። ከሊል ዞሮ እጁን ሲዘረጋ ሰውዬው አልፎት ነበር፤ ቢጫው ጃኬት በነጩ ስክሪን ጫፍ ላይ ብቅ አለ። ከዚያ ያለውን በጆሮዬ ነው የተከታተልኩት። ወርዋሪው ሮጦ ቆመ። መቺው እጁን አንስቶ ከቦታው እንደወጣ ኋላ ነገሩኝ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ሰውዬውን ሰደቡት። ከሊል ፊቱ ደም መስሎ ሰውዬውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። አንድ ደቂቃ ያህል ሄደ። ሜዳው ጸጥ አለ። የወርዋሪው እግር ሣሩን ሲመታ የሰማሁ መሰለኝ። ቀጥሎ የእንጨት ድምፅ መጣ፤ ዱላ ኳስ ሲመታ ያለው ድምፅ አይደለም፣ ባዶ ነው።

ሠላሳ ሺህ ሰው አንድ ላይ ትንፋሽ ሲያወጣ ነፋስ ይመስላል። ከሊል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

በሻይ ዕረፍት ቤንጃሚን ሁለታችንንም ከደረጃው ሥር አቆመን።

"ማን ነው ያሳለፈው?"

"እኔ" አልኩ።

"ምልክት ነበር?"

ከዚህ በፊት ለመዋሸት ጊዜ የሚፈጅብኝ ይመስለኝ ነበር። አልፈጀብኝም። "ነበር።"

"ምን ምልክት? ክንዱን አወረደ?"

"ቅንድቡን አነሳ።"

ቤንጃሚን የራሱን ቅንድብ በጣቱ ነካ። "ይኼን?"

"በእኛ አገር እሺ ማለት ነው" አለ ከሊል ቶሎ ብሎ። "እኔ ነኝ ያስለመድኳቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"እና አንስተህ ነበር?"

ከሊል ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ጥርጣሬ ፈለግኩ፤ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። አልነበረም። "አላስታውሰውም" አለ። "ጨዋታው ይዞኝ ነበር፣ ሳላውቀው አንስቼ ይሆናል። ጋሼ አነሳህ ካሉ አንስቻለሁ። እሳቸው የማያዩት ነገር የለም።"

ቤንጃሚን የምድብ ወረቀቱን አወጣ። "ነገ ትቀያየራላችሁ። ከሊል ከታች። ተክለአብ፣ ጉልበትህ ከቻለ አንተ ከላይ። ምልክቱ በክንድ። ቅንድብ የሚባል ነገር አልሰማም።"

ወደ ባቡሩ ስንሄድ ከሊል ቦርሳዬን ካልያዝኩ አለ። "ይቅርታ ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት ስምዎ ተነሳ" አለኝ። ቦርሳውን አልሰጠሁትም።

በማግስቱ ሠላሳ ስምንቱን ደረጃ ወጣሁ። ጉልበቴ አመመኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። ሜዳው በአንድ ጊዜ ተከፈተልኝ። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያዘነብላል፤ ይህን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላወቅኩም ነበር። ሣሩ በሁለት ዓይነት አረንጓዴ ታጭዷል። መቺው ከፊት ለፊቴ፣ ዱላውን መሬት እየነካ። የጓንቱ ክር እንኳ ይታየኛል።

ለግማሽ ሰዓት ያህል ዓይኔን አልነቀልኩም። ከዚያ የባለሜዳው ቡድን አንድ ወጣት መቺ እየገፋ መጣ፤ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና። በሩ አጠገብ ሰው ሲሰበሰብ ሰማሁና ወደ ታች አየሁ። ከሊል ገመዱን ይዟል። ክንዴን አነሳሁ፤ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሜዳው ተመለስኩ። እንደገና ወደ ታች አየሁ። ከሊል ገመዱን እንደያዘ ነው።

በሩ ላይ የቆመ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከአራት ሰከንድ በላይ ሜዳውን ማየት አቃተኝ። አንድ ኳስ ሲወረወር አያለሁ፤ ሲመታ ግን ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ከሊል አንዲት አሮጊት ሴትዮ ሲያስቅ አየሁ። ልጅ ያቀፈ አባት ሲለምነው "ሁለት ኳስ ብቻ ይታገሱ" ሲል ከንፈሩን አነበብኩ። ገመዱን እንደሚፈታው እርግጠኛ ነበርኩ። አሁን፣ በዚህኛው ኳስ፣ ካልሆነ በሚቀጥለው። አልፈታውም።

ጩኸቱ ከጀርባዬ መጣ። ስዞር ሁሉም ቆመዋል፣ ወጣቱ መቺ ባርኔጣውን አውልቋል፣ ዱላው ሰማይ ላይ ነው። ሃያኛው። እሱንም አላየሁትም።

ሻይ ሲሆን ሰዉ ወረደ፣ ከሊል ወደ ላይ ሮጦ ወጣ። ፊቱ እንደ ትላንቱ በርቶ ነበር።

"ጋሼ፣ እንዴት ነበር? በየት በኩል መታት? ከታች ሆኜ ጩኸቱን ብቻ ነው የሰማሁት፤ ያ ረቢ የሰዉ ፊት ግን፣ እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ማንም አልበላም። አንዱ ሰውዬ ሳንድዊቹን አፉ ድረስ አድርሶ ረሳው። ይንገሩኝ እስቲ።"

ቀናሁበት። አሁንም ቀናሁበት፤ ከታች ቆሞ ከእኔ በላይ ማየቱን፣ ገመድ ይዞ ሰላም መሆኑን። ቀጥሎ ያልኩትን ያልኩት ከጸጸት ነው ብል ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ያንን ሰላም ልወስድበትም ፈልጌ ነበር። የትኛው ስንት እጅ እንደሆነ መዝኜ መጻፍ አልችልም።

"ትላንት ቅንድብህን አላነሳህም" አልኩት።

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። "እንዴት ጋሼ?"

"አላነሳህም። አይቼሃለሁ። እያየሁ ነው ሰውዬውን ያሳለፍኩት።"

"ተሳስተው?"

"አልተሳሳትኩም።"

"ታዲያ ለምን?"

"አንተ ታይ ነበር።"

ከሊል ከጎኔ ባለው ባዶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወደ ሜዳው አየ፤ ሁለት ሠራተኞች ነጩን መስመር በቀለም ያድሳሉ። እንዲጮህብኝ ጠበቅኩ። ስለ ቦታው፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ፎርሙ አንድ ነገር እንዲል ጠበቅኩ።

"ዘጠና ዘጠኝ ላይ ነበር እኮ" አለ ቀስ ብሎ። "ግራኙ። ዳግመኛ አይመጣም።"

"አውቃለሁ።"

"ፊቱን አላዩትም። ሲወጣ በዚህ በኩል ነው ያለፈው። አልተቆጣም፤ ስክሪኑን ዞሮ አየው ብቻ።" የራሱን ቅንድብ ነካ። "እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እኔ ነኝ፣ የእኔ ቅንድብ ነው ስል አደርኩ።"

እኔም ስክሪኑን አየሁ።

ከሊል ተነሳ። "ለቤንጃሚን እርስዎ ይነግሩታል ወይስ እኔ ልንገረው?" አለኝ። አንቱታውን አልተወም። በድምፁ ውስጥ ግን ከዚህ በፊት የነበረ አንድ ነገር አልነበረም፤ መጉደሉን ወዲያው አወቅኩ።

"እኔ።"

"እንግዲያው አሁን ይሂዱ። ሊጀምሩ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው፣ እኔ እቆምበታለሁ።"

ደረጃውን በግንቡ ተደግፌ ወረድኩ። ቤንጃሚን ከሬዲዮ ጠረጴዛው አጠገብ ለነገው ቀን ምድብ ይጽፍ ነበር። ሲያየኝ ብዕሩን አስቀመጠ፣ ሰዓቱን አየ፣ ደነገጠም።

"አንተ እዚህ ከሆንክ ስክሪኑን ማን ይዞታል?"

"ከሊል" አልኩት። "እዚያው ተወው። አንተ ደግሞ ተቀመጥ፤ ስለ ትላንቱ የምነግርህ አለኝ።"